የቶዶሮኪ ባዶ ሳህን

ቶዶሮኪ የሞተው በእማማ ሂሳኖ የራመን (የጃፓን ኑድል በሾርባ) ቤት፣ ምሳውን እየበላ ሳለ፣ ከቀኑ ሰባት ተኩል ላይ ነው። ሾርባውን ሁለቴ ፉት አለና ደረቱን ይዞ ከበርጩማው ወደቀ። በጃፓኗ አማጋሳኪ ከተማ ያለውን አሮጌ የገበያ መንገድ ገዝቶ ሊያፈርስ የተነሣ ኩባንያ ወኪል ነበርና በሰፈሩ ያለቀሰለት የለም።

በማግስቱ ከሆዱ መርዝ ተገኘ። ለሰፈሩ ፖሊስ ለሳጅን ኡራቤ ነገሩ ወዲያው ግልጽ ሆነለት፤ አሮጊቷ «እኔ ሳልሞት ይቺ ቤት አትፈርስም» ማለታቸውን ያልሰማ የለም። ከበሩ ላይ ያለውን፣ ቤቱ ክፍት መሆኑን የሚያመለክተውን መጋረጃ አውርደው ቤቱን እንዲዘጉ አዘዛቸው። እማማ ሂሳኖ አወረዱት፣ አጠቡት፣ ዓይኑ እያየ መልሰው ሰቀሉት።

«አርባ ሦስት ዓመት እዚህ ምድጃ ፊት ቆሜያለሁ» አሉት። «ሰው መግደል ብፈልግ ሌላ መንገድ አላጣም። ሾርባዬን ግን አላበላሽም።»

ኢንስፔክተር ኩራሞቺ የተላከችው ያን ጊዜ ነው። ቀስ ብላ የምታወራ አጭር ሴት ናት፤ ሰው ስታናግር ከፊቱ ይልቅ እጁን ታያለች። በዚያ ሰዓት ቤቱ ውስጥ የነበሩት እማማ ሂሳኖ፣ የሟቹ ረዳት ሪሆ እና የራመን ቤቱ ጎረቤት የሆኑት ፀጉር አስተካካይ አቶ ሙናካታ ብቻ ነበሩ። አቶ ሙናካታ አንሸጥም ያሉትን ነዋሪዎች የሚመሩ፣ በዚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ምሳ የበሉ ሰው ናቸው።

ሪሆ እንደተናገረችው ቶዶሮኪ በምግቡ መሃል ስልክ ተደውሎለት ወጣ፤ እዚያ ቤት ውስጥ ስልክ ማውራት ክልክል ነው። ተመልሶ ሾርባውን እንደቀመሰ ወደቀ። እሷ አምቡላንሱን ልትመራ ወደ ዋናው መንገድ ሮጠች፤ እማማ ሂሳኖ ወደ ጓዳ ገብተው ደወሉ። አቶ ሙናካታ ደግሞ የሰውየውን ደረት ሲጫኑ ምንም እንዳላዩ ተናገሩ።

ኩራሞቺ ኡራቤ ያነሣውን ፎቶግራፍ አየች። የቶዶሮኪ ሳህን ባዶውን፣ ከባንኮኒው በላይ ባለችው ጠባብ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሲበላበት የነበረው የባንኮኒው ቦታ ተወልውሏል።

«ይህን ሳህን ማን እዚያ ሰቀለው?» አለች። «ሟቹ ራሱ ይሆን?»

ሪሆ ሳቋ አመለጣት። «እሳቸው? የበሉበትን ዕቃ አንስተው አያውቁም።»

በሦስተኛው ቀን ኩራሞቺ ሁሉንም ለምሳ ጠራች። እማማ ሂሳኖ አበሰሉ፤ ሌሎቹ በሉ። ሪሆና ኡራቤ ሲጨርሱ ሳህናቸውን ፊታቸው ተዉት። አቶ ሙናካታ ሾርባቸውን ጨልጠው ሳህኑን ወደ መደርደሪያው አወጡ፣ ባንኮኒውን በጨርቅ ወለወሉ፣ ጨርቁንም ለደንበኞቻቸው ፊት እንደሚያዘጋጁት ፎጣ ጥብቅ አድርገው ጠቀለሉት።

«አቶ ሙናካታ፣ አሁን ምን እንዳደረጉ ያውቃሉ?»

«ምን አደረግሁ? በላሁ።»

«የዚህ ቤት ደንበኛ ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት» አለች ኩራሞቺ። «መርዙ የገባው ሟቹ ለስልክ ሲወጣ ነው። ሲወድቅ ግን ሾርባው ገና አላለቀም ነበር፤ አምቡላንሱ ሲደርስ ሳህኑ ባዶ ነው። ትናንት ደጃፉ ላይ ካለው ቦይ መርዙን አገኘነው። ማን ደፋው? ሪሆ ዋናው መንገድ ላይ ነበረች፤ የአምቡላንሱ ሰዎች አይተዋታል። የእማማ ሂሳኖ ድምፅ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አምቡላንስ በጠሩበት ስልክ ተቀድቷል። የቀሩት እርስዎ ነዎት። ሾርባውን ደፍተው ሲመለሱ ሳህኑን ከነበረበት ቢያስቀምጡት ጨርሶ እንደበላ እናስብ ነበር። እጅዎ ግን ለሠላሳ ዓመት የለመደውን ሠራ።»

ፎቶግራፉን ፊታቸው አኖረች። ከተወለወለው ባንኮኒ ጫፍ ላይ የተጠቀለለ ጨርቅ ይታያል። ቀጥላም ከሟቹ ቦርሳ ያገኘችውን፣ እንደ ፊርማ የሚቆጠረው የአቶ ሙናካታ ማኅተም ያረፈበትን የፀጉር ቤቱን የሽያጭ ውል አወጣች። ከተፈረመ ሁለት ወር ሆኖታል። ቶዶሮኪ በሞተበት ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ሊያነበው ነበር።

አቶ ሙናካታ አልካዱም። እማማ ሂሳኖን ብቻ ነበር የሚያዩት።

«ልቡ በሽተኛ ነበር፤ ልቡ ነው ይባላል ብዬ ነው» አሉ። «አንቺን ይጠረጥራሉ ብዬ አላሰብኩም።»

«ሲጠረጥሩኝ ግን ዝም አልክ።»

«ሸጥኩ ብዬ ፊትሽ መቆም አቃተኝ።»

«ሸጥኩ ብትለኝ ሳምንት ሙሉ እሰድብህ ነበር» አሉ እማማ ሂሳኖ። «በሳምንቱ ምሳህን አቀርብልህ ነበር።»

ኡራቤ አቶ ሙናካታን ይዞ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ አሮጊቷን ባያቸው ቁጥር አንገቱን ይደፋ ነበር፤ ይገባዋል። ሪሆ ወደኋላ ቀረችና ኩባንያው የፀጉር ቤቱን በሚቀጥለው ወር ማፍረስ እንደሚጀምር፣ ግድግዳው ደግሞ ከራመን ቤቱ ጋር የጋራ እንደሆነ ለእማማ ሂሳኖ በቀስታ ነገረቻቸው። ለአለቆቿ ምን ብላ እንደምትነግርም ጠየቀቻቸው።

እማማ ሂሳኖ በሽርጣቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። እንባው ግን አልቆመም፤ የሠላሳ ዓመት ወዳጃቸውን ነው ያጡት።

«ስታለቅስ ነበር ብለሽ ንገሪያቸው» አሉ። «አልሸጥም ማለቴንም ጨምሪበት።»