ያልተነገረው የለምለሚት ታሪክ

ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ነበር። አንዷ የዝናሜ እናት ለምለሚት ናት፤ ሌላው አባ ጥዑም፣ የሐመረት መንግሥት ባለተረት። ዝናሜ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረችና ከደንገል ክምር ጀርባ ተኝታ ከሰማችው የቀራት ቁርጥራጩ ነው። እናቷ ስለ ውሃ አንድ ነገር አለች። ባለተረቱ «ተይ፣ ለምለሚት» አሏት። ከዚያ እናቷ ሳቀች፤ ወይም አለቀሰች። ዝናሜ ሃያ ዓመት ሞልቷትም የትኛው እንደነበረ መለየት አቅቷት ኖረች። በማግሥቱ ለምለሚት አንድ ጀልባ ሙሉ ደንገል በአህዮች አስጭና ወደ ሐሩር ተራራ ወጣች። አህዮቹ ተመለሱ፤ እሷ ግን አልተመለሰችም።

የሐመረት ሰዎች ከሐይቁ ዳር ደንገል አጭደው ጀልባውን፣ ምንጣፉን፣ የቤቱን ክዳን የሚጎነጉኑ ባለእጆች ነበሩ። ያለ ተረት እጃቸው አይፈታም፤ አንዱ ሲተርክ ሌላው ይጎነጉናል። ከሚያጭዱትም ሲሶውን ለሐይቁ ይተዋሉ። ያ ሳይታጨድ የቆመ ደንገል በሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ በጫፉ ደግሞ የሰማውን ተረት በነፋስ እያንሾካሾከ ሽቅብ ይልካል። በተራራው አናት፣ የሐይቁ ምንጭ ከሚፈልቅበት ዓይን አጠገብ፣ ሐሩር የተባለው ዘንዶ ያንን እየሰማ ለዘመናት ተኝቷል። ሲተኛ ውሃው ይወርዳል፤ ሲነቃ ውሃውን ይጠጣዋል።

ንጉሡ ለዙፋኑ በዓል የደንገል አዳራሽ አምሮት «እንደ እናንተ ያለ እጅ ከሰማይ በታች የለም» ብሎ ላከባቸው። ማንም አላስገደዳቸውም። ሙገሳው ጣማቸውና የሐይቁን ሲሶ ጭምር አጨዱት። አዳራሹ ያማረ ሆነ። ዳርቻው ግን ጸጥ አለ፣ ዘንዶውም ነቃ፤ ሐይቁ መጉደል ጀመረ። ለምለሚት ወደ ተራራው የሄደችው ያኔ ነው። ከሄደች በኋላ ሐይቁ ባለበት ቆመ፤ ለምን እንደቆመ ያወቀ የለም።

ዝናሜ ስለ እናቷ ስትጠይቅ አባ ጥዑም ሁልጊዜ ዝም ይላሉ። በሐመረት ሞቱ ያልተረጋገጠ ሰው ታሪክ አይተረክም፤ ከተተረከ በሩ እንደተዘጋበት ይቆጠራልና። እሳቸውም ያንን በር ሊዘጉባት አልፈለጉም።

በአሥራ አራተኛው ዓመት ሐይቁ በሰባት ቀን ሰባ እርምጃ ሸሸ። ጀልባዎች ጭቃ ላይ ተጋድመው ቀሩ። ዝናሜ ከመጨረሻው ቁጥቋጦ ሕያው ሥር ነቅላ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችና በአደባባይ ቆመች፤ «በውሃው ዓይንና ውሃውን በፈጠረው እምላለሁ፤ ምንጩን ሳላስለቅቅና ይህን ሥር ሳልተክል በቤቴ አልተኛም» አለች። ንጉሡም በጸጸት ጎራዴኛውን መርዕድን ሰጣት። አባ ጥዑም ደግሞ ማንም ሳይልካቸው በትራቸውን አንስተው ተከተሉ።

አምስት ቀን ወጡ። ከታች የተዉት ምድር እየነጣ፣ ድንጋዩ እየጋለ ሄደ። መርዕድ ከፊት ከፊት ሰይፉን እያወዛወዘ ይቀልዳል፤ «አባ፣ በዚህ እርምጃዎ እኮ ዘንዶው በእርጅና ይሞትልናል» አላቸው።

«አንተም ሰይፍህን ረጋ አድርገው ልጄ፤ እስካሁን ያስፈራኸው ዝንብ ብቻ ነው።»

ሐሩርን በስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አገኙት። ከጅራቱ እስከ አንገቱ በደንገል ጉንጉን ተጠፍሯል። ጉንጉኑ ከአንገቱ ላይ አንድ ክንድ ሲቀረው ያልቃል፤ ከጫፉ አጠገብም አንዲት ሴት በተቀመጠችበት ቀርታለች። ዘመኑ አጥንቷን አንጥቶታል፤ ወስፌዋ ግን ከጣቶቿ አልወጣም። ዝናሜ በእናቷ ፊት ተንበረከከች። ለካ ሐይቁን ባለበት ያቆመው ይህ ማሰሪያ ኖሯል፤ አሁን ግን በስብሶ እየተበጠሰ ነው።

መርዕድ ጮኾ ተወረወረ። ሰይፉ የዘንዶውን ቅርፊት ሲነካ ለሁለት ተሰበረ፣ ክንዱም በእስትንፋሱ ተለበለበ። አባ ጥዑም ፈጥነው የጥንቱን የጅብና የጨረቃ ተረት ጀመሩ። ዘንዶው አንድ ዓይኑን ገለጠና ከሳቸው ቀድሞ ጨረሰው። ሌላ ጀመሩ፤ ያንንም ጨረሰው።

«ከዳርቻችሁ የተነገረውን ሁሉ ደንገሉ ነግሮኛል» አለ ሐሩር። «ያልሰማሁት ካላችሁ ንገሩኝ። ከሌላችሁ ውሃዬን ልጠጣ።»

ባለተረቱ ወደ ዝናሜ ዞሩ። «ያልተነገረ አንድ ብቻ አለኝ» አሏት በቀስታ። «በሩን ልዝጋው ልጄ?»

ዝናሜ እጇን በእናቷ ወስፌ ላይ አሳረፈች። «ዝጉት» አለች በመጨረሻ።

መርዕድ በሰይፉ ስባሪ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ለምለሚትን ከነወስፌዋ ቀበሯት። አባ ጥዑም ታሪኳን እያስረዘሙ እስከሚቀጥለው ክረምት ሊያደርሱት አሰቡ፤ ከታች የሚተከለው ደንገል ያን ጊዜ ቁሞ ይረከባቸዋል። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ የሚወርዱበት ጉልበት እንደማይኖራቸው ሦስቱም ያውቃሉ።

«እኔ ልቆይ» አለች ዝናሜ።

«አንቺ ምኑን ትተርኪዋለሽ? ደግሞ ሥሩን እኔ ልትከለው? ይህ እጅ እኮ ማንኪያ እንኳ በቅጡ አይዝም» አሏት አባ ጥዑም።

«እንግዲያው ጨርሰው እስኪነግሩኝ ልስማው። ዕድሜዬን ሙሉ ለምኜዎታለሁ።»

መርዕድ ስንቁን ሁሉ ከአጠገባቸው ሲያስቀምጥ፣ እሳቸው ከዘንዶው ጆሮ ሥር ተቀምጠው ድምፃቸውን ጠረጉ። «ለምለሚት የምትባል ሴት ነበረች። የተወለደችው ጀልባ ላይ ነው፤ አባቷ መቅዘፉን ትቶ በደስታ ሲጨፍር ሊያሰጥማቸው ነበር…»

የዘንዶው ሽፋሽፍት ከበደ። ውሃው ከአፉ ሥር ሾልኮ በድንጋዩ ላይ መውረድ ጀመረ።

ዝናሜ ግን አልተነሣችም። ጉልበቷን አቅፋ፣ እናቷ ድክ ድክ ስትል፣ እናቷ ከአሣ ጋር ስትጣላ ትሰማለች፤ ፊቷ ላይ እንባና ፈገግታ ተቀላቅሏል። ፀሐይዋ ጠነከረች። የጨርቁ እርጥበት እየተነነ የሥሩ ጫፍ መጠውለግ ያዘ። አባ ጥዑም ተረታቸውን ሳያቋርጡ ጣታቸውን ወደ ጥቅሉ ዘረጉ። እሷም ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ቆይተው ዳግመኛ ዘረጉ።

መርዕድ በደኅናው እጁ ጨርቁን ከምንጩ ነክሮ አመጣላትና ከፊቷ ቆመ።

በታሪኩ ውስጥ እናቷ ገና ሰባት ዓመት አልሞላትም ነበር፤ የመጀመሪያ ጉንጉኗን ልትጀምር ወስፌ ስትለምን ነበር። ዝናሜ የቀረውን ሳትሰማ፣ ሥሩን አዝላ ልትወርድ ተስማማች።