እናቷ ያልተናገረችው

«… አያቴ መሬት ላይ ተዘርረው እያቃሰቱ እነሱ ‹ደሞዝ ይጨመርልን› ብለው በር ላይ ቆመዋል! ከደወልኩ በኋላ ስንት ጠበቅን መሰላችሁ?»

ክፍሉ መካከል የቆመችው ሬዲዮ እጇን አወናጨፈች። ስሙን ያወጡላት አንዴ ከተከፈተች ስለማትዘጋ ነው፤ ዛሬ ግን ማንም አልሳቀባትም። የሥነ ዜጋ መምህሩ የዕለቱን መወያያ ሰሌዳው ላይ ጽፈው መስኮቱ ጋ ቆመዋል፤ «የአምቡላንስ ሠራተኞች ጥያቄ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም?» ከሬዲዮ በኋላ እጁን ያወጣ ሁሉ «አይደለም» አለ።

አጠገቧ የተቀመጠችው ጭራሮ ጠረጴዛው ላይ የተቀረጸ ስም በጥፍሯ ትከተላለች። ጭራሮ የተባለችው በቅጥነቷ ነው፤ መምህራኑም ሳይቀሩ እንዲያ ይሏታል። እናቷ የአምቡላንስ ባለሙያ እንደሆነች ክፍሉ በሙሉ ያውቃል።

«ስለ አንቺ እናት አይደለም እኮ ያወራሁት» አለቻት ሬዲዮ ቁጭ ስትል፣ በሹክሹክታ። «ስለ እነዛ ነው።»

«እነዛ እነማን ናቸው?»

«እኔ እንጃ። ቤታችን የመጡት። አንዲት ሴትና አንድ ሹፌር፣ አፋቸውን በጭምብል ሸፍነው።»

የጭራሮ ጥፍር ስሙ ላይ ቆመ።

ቤት ስትደርስ እናቷን ሳሎን ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ እግሮቿን ወንበር ላይ ሰቅላ አገኘቻት። ለጀርባዋ እንዲህ ተኚ ብሏት ነበር ሐኪሙ። አብሯት የሚሠራው ሹፌር ሊጠይቃት መጥቶ የሕመም ማስታገሻ ቅባት በእጁ ያገላብጣል። መሪ ሲጨብጥ ስለሚከንፍ የሥራ ባልደረቦቹ በሽሙጥ «ቀስታ» ይሉታል። አፉም ከመኪናው አያንስም።

«አለቀልን!» አለ። «ትናንት ሻይ ሲሰጡን የነበሩት ባለሱቅ ዛሬ ፊታቸውን አዞሩብን። አንዱ ደግሞ ከመኪና አንገቱን አውጥቶ ‹ነፍሰ በላ ሁላ!› ብሎን ሄደ። እኛ ከፈረቃ ወጥተን፣ በገዛ እረፍታችን ቆመን! አንድ ጥሪ እንኳ አላስተጓጎልንም!»

የሚጠይቁት ጭራሮ ከእራት ጋር እየሰማች ያደገችው ነገር ነው። ለትርፍ ሰዓት ይከፈለን፤ ሁለት ፈረቃ አከታትላችሁ አታሠሩን፤ በሽተኛ የሚያነሳ ሦስተኛ ሰው ጨምሩልን። ሦስተኛ ሰው ቢኖር የእናቷ ጀርባ እንዲህ ባልሆነ ነበር። አሳንሰሩ በተበላሸ ፎቅ ላይ ዳሌያቸው የተሰበረ ግዙፍ ሽማግሌ በቃሬዛ አድርገው፣ ደረጃ ለደረጃ ለሁለት ሲያወርዱ ነው ጀርባዋ የተቀጨው።

«ከተማውን ያዳረሰው የዛች የሽማግሌው የልጅ ልጅ ወሬ ነው» አለ ቀስታ። «ለምን እውነቱን አንናገርም? እንደተደወለልን በረርን። እሷ ናት ሽማግሌው ሲጮሁ ጆሮዋን በኢርፎን ደፍና…»

«ዝም በል!» እናቷ ብድግ ልትል ሞከረች፤ ሕመሙ መልሶ አስተኛት። «ልጅ ፊት!»

ቀስታ አፉን በመዳፉ ያዘ። ቅባቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ እግሩን እየጎተተ ወጣ። ቀስ ብሎ ሲሄድ ጭራሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቷ ነበር።

«እማ፣ ሬዲዮ ናት አይደል?»

«ማን እንደሆነች አላውቅም» አለች እናቷ ጣሪያውን እያየች።

«አታውቂም ወይስ አትናገሪም?»

«ለአንቺ ሁለቱም አንድ ነው።»

«ስማችሁ እየጠፋ እኮ ነው! አንድ ቃል ብትናገሪ…»

«ሰው ቤት የምንገባው ሱሪው ረጥቦ፣ ዕቃው ተዝረክርኮ፣ ባልና ሚስት ተጣልተው ነው። ነገ ‹ያወሩብኛል› ብሎ በሩን ባይከፍትልንስ?» እግሮቿን ከወንበሩ አውርዳ በጎኗ ዞረች። «ደግሞ ልጅቷ ‹ለማንም እንዳትነግሪብኝ› ብላ ለምናኛለች። በይ አሁን ቅባቱን አቀብዪኝና እሺኝ።»

ጭራሮ አሸቻት። የእናቷ ጀርባ ከእጇ ሥር እንደ ጣውላ ደርቋል።

በነጋታው የክፍል አለቃው አንድ ገጽ ጽሑፍ ይዞ መጣ። የሬዲዮን ታሪክ እሱ ራሱ አሳምሮ ጽፎታል።

«በእረፍት ሰዓት በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ይነበብ ተብሏል። ድምፅሽ አሪፍ ስለሆነ አንቺ ነሽ የምታነቢው። ደግሞ የአምቡላንስ ሠራተኛ ልጅ ስታነበው ክብደት አለው። ፋራ አትሁኚ እሺ?»

ጭራሮ ተቀበለችው። ወደ ሚኒ ሚዲያዋ ጠባብ ክፍል ስትሄድ ምን እንደምትል በልቧ አዘጋጅታ ነበር። ማይክ በእጇ ነው፤ ግቢው በሙሉ ይሰማል። ‹ኢርፎን› የምትለው አንዲት ቃል ትበቃታለች።

ሬዲዮ ታሪኳ ሲነበብ ልትሰማ ቀድማት ገብታ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።

«አላነበውም» አለቻት ጭራሮ በሩን ዘግታ።

«ምነው?»

«ቤታችሁ የመጣችው እናቴ ናት።»

ሬዲዮ ከወንበሩ ብድግ ብላ መልሳ ተቀመጠች። ፊቷ ቀስ በቀስ አመድ መሰለ።

«ነገረችሽ?»

«አልነገረችኝም። ስጠይቃትም እምቢ አለችኝ።»

ሬዲዮ ጉልበቷን አቀፈች። «አያቴ መታጠቢያ ቤት ነው የወደቁት» አለች። «እኔ ክፍሌ ሙዚቃ እሰማ ነበር። ውኃ ልጠጣ ስወጣ ነው ያየኋቸው። እናቴ ‹ለምን ቆዩ?› ብላ ስትጠይቀኝ… አምቡላንሱ ነው አልኩ። አንዴ ካልኩት በኋላ ወሬው ዝም ብሎ ሄደ።»

«አያትሽን በደረጃ ሲያወርዱ የእናቴ ጀርባ ተቀጭቷል።»

«አላወቅኩም። እሷ እኮ እየወረደች ‹አይዞሽ› ትለኝ ነበር።» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «አሁን ልትናገሪብኝ ነው?»

ጭራሮ ማይኩን አየችው። ጽሑፉን ሁለቴ አጣጥፋ ቀደደችው።

«ያንቺን ነገር እኔ አላወራም። ውሸቱን ግን አላነብም፤ ማንም እንዲያነበው አልፈቅድም። የቀረው የራስሽ ጉዳይ ነው።»

በዚያ ዕለት ሚኒ ሚዲያው ያስተላለፈው የፈተና ፕሮግራም ብቻ ነበር። የክፍል አለቃው ጭራሮን ቀኑን ሙሉ አኮረፋት።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሌላ ጊዜ የምትመርጠውን የኋላ መንገድ ትታ በዋናው ጎዳና ሄደች። አምቡላንስ ጣቢያው በር ላይ ጥቂት ሠራተኞች ካርቶን ይዘው ቆመዋል። እናቷም አልቀረችም፤ አጥሩን ተደግፋ፣ «እረፍት ለሠራተኛ፣ ደኅንነት ለታካሚ» የሚለውን ካርቶን በአንድ እጇ ይዛለች፤ ሌላው እጇ ጀርባዋ ላይ ነው። ጭራሮ ካርቶኑን ተቀበለቻት። የክፍሏ ልጆች በማዶ ሲያልፉ አዩዋት። አንዱ ጮክ ብሎ ሳቀ። እሷ ካርቶኑን ትንሽ ከፍ አደረገችው።

ከልጆቹ መካከል ሬዲዮ ወደኋላ ቀረች። ለረጅም ጊዜ ማዶ ቆማ የቦርሳዋን ማንገቻ ስትፈትል ቆየች። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ በቀጥታ ወደ ጭራሮ እናት መጣች።

«ላናግርዎት ፈልጌ ነበር» አለች። ድምፅዋ ከወትሮው በጣም ቀጥኗል።

የጭራሮ እናት ወደ ልጇ አላየችም። ሬዲዮን ብቻ አይታ «ነይ፣ ቀረብ በይ» አለቻት።

ጭራሮ ካርቶኑን ይዛ ሄደች፤ ከሰልፉ ጫፍ፣ ድምፃቸው ከማይደርስበት ቦታ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ቆመች።

ቀስታ ሹልክ ብሎ አጠገቧ መጣ። «ምን እያለቻት ነው?»

«አልሰማሁም» አለችው፤ አንገቱን ሊያሰግግ ሲል ክንዱን ይዛ ወደ መንገዱ አዞረችው።