ሁለት ቀን የተከበረችው ሉቺያ

መምህር ገብረወልድ ከመንበሩ ጀርባ ባለው ዕቃ ቤት በደረታቸው ተደፍተዋል። ማጅራታቸውን ያገኛቸው የነሐስ መቅረዝ አጠገባቸው ወድቋል። ኮልፌ ያለችውን ትንሽ የካቶሊክ ጸሎት ቤት ሠላሳ ዓመት አገልግለው፣ የሚያለቅስላቸው እንኳ አላገኙም። የቆሙት ሦስቱ የሚጮኹት እርስ በርስ ለመካሰስ ነው።

ኢንስፔክተር ነኢማ የሟቹን ክንድ ልታነሳ ሞከረች። እንደ እንጨት ደርቋል።

«ማን አገኛቸው?»

«እኔ» አሉ ጽዳቷ እማማ ጽጌማርያም። «ሦስት ሰዓት ላይ ልጠርግ ስገባ።»

«ጠዋት ከሳቸው በቀር እዚህ ድርሽ ያለ የለም!» አለች የጸሎት ቤቷ አገልጋይ ሜሪ። «ይታሰሩልን!»

«አንቺ ቀጣፊ! ሄደሽ የሠርግሽን ቀሚስ አትለኪም?» አሉ እማማ።

የሜሪ እጮኛ ባምላኩ፣ የመምህሩ ተማሪ፣ ጣቱን ወደ በሩ ቀሰረ። «መምህር ጠዋት በሕይወት ነበሩ። የዕለቱን ቅዱስና የንባቡን ማሰላሰያ ጽፈው ለጥፈዋል። እኔ ያን ጊዜ አየር ጤና ጋራዥ ነበርኩ፤ ያላየኝ የለም።»

ነኢማ ወረቀቱን አነበበች፤ «ታኅሣሥ 4፦ ሰማዕቷ ቅድስት ሉቺያ»።

«የትላንቱስ?»

«አመሻሽ ላይ የማነሳው እኔ ነኝ፤ አስቀምጠዋለሁ» ብላ ሜሪ ከቦርሳዋ አወጣችው።

ነኢማ አይታው የዛሬውን ከበሩ ላይ ነቀለችው። «ባምላኩ፣ ትላንት የት ነበርክ?»

«አምቦ። ሲመሽ ገብቼ በቀጥታ ቤቴ። ለመሆኑ በሂጃብሽ ስለ ቅዱሳን ምን አገባሽ?»

«ስለ ቅዱሳን አላውቅም። ውሸታም ግን አውቃለሁ።» ግድግዳው ላይ ወዳለው የበዓላት ሰንጠረዥ ዞረች። «ይህን መምህር ናቸው የጻፉት?»

«ባምላኩ ነው» አለች ሜሪ ኮራ ብላ። «እጁ ከመምህር እጅ አይለይም።»

ነኢማ ሦስቱንም አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ሉቺያ በፈረንጅ መቼ ናት?»

«ዲሴምበር 13። ሕፃን ያውቀዋል» አለች ሜሪ።

«ስልኬ ዛሬ 14 ነው ይላል።» ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋች። «የትላንቱም ሉቺያ፣ የዛሬውም ሉቺያ።»

«ሰንጠረዡ እኮ ታኅሣሥ 4 ይላል!» አለ ባምላኩ።

«በሌላ ዓመት ልክ ነው። አምና ግን ጳጉሜ ስድስት ነበረች፤ ስለዚህ ዘንድሮ በዓሏ ታኅሣሥ 3 ዋለ። መምህር ይህን አስበው ትላንት ጻፏት። የዛሬውን የጻፈው ግን ሰንጠረዡን ገልብጦ ነው። እማማ፣ ማንበብ ይችላሉ?»

«የት ተምሬ!»

«ሜሪ የትላንቱን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ሉቺያን አትደግምም። የትላንቱን ወረቀት ያላየው ከአምቦ ሲመሽ የገባው ብቻ ነው። ያን ጊዜ ገደላቸው፤ ሬሳው የደረቀው ለዚህ ነው። ጎህ ሲቀድ ወረቀቱን ለጠፈና ሰው እንዲያየው ጋራዥ ሄደ።»

«ባሜ?» አለች ሜሪ።

«እሑድ የጋብቻችሁን ማስታወቂያ አላነብም አሉኝ!» ባምላኩ ጮኸ። «አምቦ ሚስት አለህ ብለው!»

በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ሜሪ መሬት መሬቱን እያየች ወደ አሮጊቷ ተጠጋች።

«እማማ ጽጌ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ ጽጌማርያም መወልወያውን የሜሪ ደረት ላይ አስደገፉት።

«ሬሳው ሲነሳ ወልውዪ። ደሙ የባልሽ እጅ ሥራ ነው።»