ጤነኛ ተብሎ የተመዘገበው ሰው

የምሠራው የአስም ምርምር ቤት ውስጥ ነው። ሥራዬ ሲነገር ቀላል ነው፤ ከሰዎች አፍንጫ በትንሽ ብሩሽ የተወሰዱ ህዋሳትን አሳድጋለሁ፣ ብናኝ አስነካቸዋለሁ፣ ከዚያ ምን እንደሚሉ አዳምጣለሁ።

«ይላሉ» ስል አትሳቁብኝ። የአየር ቧንቧችንን ከውስጥ የሸፈኑት ህዋሳት ዝም ብለው የቆሙ ግድግዳ አይደሉም። የማይስማማቸው ነገር ሲነካቸው የድረሱልን መልእክት ይልካሉ። የሰውነት ተከላካዮችም ሰምተው ግር ብለው ይመጣሉ። አለርጂ ያለበት ሰው ላይ ግን የሚመጡት ለተራ ብናኝ ነው፤ መጥተውም ቤቱን ያተራምሱታል። ቧንቧው ያብጣል፣ አክታ ይሞላዋል፣ ሰውየው ትንፋሽ ያጥረዋል።

እሱን ያወቅኩት በጋዎኔ ሰበብ ነው። እጅጌው ጣቶቼን ስለሚሸፍን ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ወዳለው ልብስ ሰፊ ወሰድኩት። ሰፊው ጋዎኑን ተቀብሎ አራገፈው፤ ወዲያው ሦስቴ አስነጠሰ፣ ዓይኖቹም ቀሉ።

«ይማርህ» አልኩት።

«ያኑርሽ። የሚያስለቅሰው ጋዎኑ ነው ወይስ ባለቤቱ?»

«ገና ሳንተዋወቅ ካለቀስክ፣ ስንተዋወቅ ምን ልትሆን ነው?»

ሳቀ። ከዚያ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ ቀና አለና አየኝ፤ ቶሎም አላጎነበሰም። እኔም ምንም ያልረዘመ ልብስ ሁሉ እያመላለስኩ ማሳጠር ጀመርኩ። እናቴ «ልጄ፣ የዚህ ቤት ብርድ አንቺን አይነካሽም?» እስክትለኝ ድረስ።

ስምንት ወር እንዲህ ቆየን። ከሥራ ስወጣ እሱ ጋ እገባለሁ፣ እሱ ይሰፋል፣ እኔ አወራለሁ። አንድ የማይገባኝ ጠባይ ነበረው። አጠገቡ ትንሽ እንደቆየሁ «መጣሁ» ብሎ ጓዳ ይገባና ተረጋግቶ ይመለሳል።

«ምንድነው እንዲህ የሚያሸሽህ?» ስለው፣

«ልቤ ሲመታ እንዳትሰሚብኝ ነው» ይለኛል። እኔ ሞኟ ደግሞ ደስ ይለኛል።

በኋላ ለጥናቱ ጤነኛ ሰዎች ጎደሉን። የሕመምተኞቹ ህዋሳት የሚነጻጸሩት ከጤነኞች ጋር ነው። «እኔ አንድ ሰው አመጣለሁ» ብዬ ሰፊዬን ይዤ ሄድኩ። ቅጹን ሲሞላ ‹አስም ወይም አለርጂ አለብዎት?› የሚለው ጥያቄ ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ቀና ብሎ አየኝና ‹የለም› የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ያቺን ዓይን የፍቅር ዓይን አድርጌ ነበር የተረዳኋት።

ህዋሳቱን በትናንሽ ሳህኖች አንድ ወር ሙሉ አሳደግኳቸው። ከዚያ ከአይጥ ፀጉርና ቆዳ የተዘጋጀ ብናኝ አስነካኋቸው። ምርምር ቤታችን አይጦች ያረባል፤ ጠዋት ጠዋት የምመግባቸውም እኔ ነኝ። የሰፊዬ ህዋሳት ከሕመምተኞቹ ሁሉ በላይ ጮኹ።

የክፍላችን ኃላፊ ዶክተሯ ውጤቱን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ሳህኖቹን አቀያይረሻል።»

«አላቀያየርኩም ዶክተር።»

«እንግዲያው ድገሚው። እንደገና እንዲህ ከመጣ ከዚህ ሥራ አነሳሻለሁ። ነገ በዚህ ቁጥር ተማምነን ለሰው መድኃኒት የምንሰጥ ሰዎች ነን።»

ደገምኩት። እያንዳንዱን ሳህን ሁለት ሁለቴ እያመሳከርኩ ደገምኩት። ያው ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ። ማስነጠሱ፣ የዓይኑ መቅላት፣ የጓዳው ምልልስ። ለካ ስምንት ወር ሙሉ በፀጉሬና በሹራቤ የአይጥ ብናኝ ተሸክሜ አጠገቡ እየተቀመጥኩ ሰውየውን ሳንቀው ኖሬያለሁ።

በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ፤ ግን ከበሩ አላለፍኩም።

«አስም አለብህ።»

መቀሱን አስቀመጠ። «አለብኝ።»

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«እጮኛ ነበረችኝ። ቤተሰቦቿ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት፣ ፓፍ፣ ስወስድ አይተው ‹ልጃችንን ለበሽተኛ አንሰጥም› አሉ። እሷም ዝም አለች። አንቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በሽታ ስትመረምሪ ነው የምትውዪው። እንደነሱ እንድታይኝ አልፈለግኩም።»

«እኔ ስመጣ እንደሚብስህስ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ አትምጪ አትለኝም?»

«ብልሽ ትቀሪ ነበራ!»

ቁጣዬ እዚህ ላይ ሊበርድ ነበር፤ አልፈቀድኩለትም።

«ስማ! ጓዳ ገብተህ የምትወስደው ፓፍ ቧንቧውን ለጊዜው ይከፍተዋል እንጂ ውስጥ ያለውን ጩኸት ዝም አያሰኘውም። አንዴ የደነገጠ ህዋስ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ በትንሹም ይጮሃል። እወድሃለሁ። ሳህን አቀያይረሻል ተብዬ ሥራዬ ቢሄድም ይሂድ። አንድ ቀን መጥቼ ግን እዚህ ወለል ላይ ወድቀህ ላገኝህ አልፈልግም።»

እያለቀስኩ ሄድኩ።

በማግስቱ ዶክተሯ ቢሮ ስገባ ሰፊዬ ቀድሞኝ ቆሟል።

«ሳህን አልተቀያየረም» ይላቸዋል። «ቅጹ ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አታውቅም።»

ዶክተሯ እኔን ተቆጡኝ እንጂ እሱን አልተቆጡትም። የሚወዱትን ሰው ለጥናት ማምጣት ራሱ ጥፋት እንደሆነ ነገሩኝ፤ ልክ ናቸው። እሱን ከጥናቱ ሰረዙት፣ እኔን ከአይጦቹ ክፍል አነሱኝ። እሱንም ጩኸቱን ከሥሩ የሚያበርደውን፣ በየቀኑ የሚወሰደውን መድኃኒት የሚያዝለት ሐኪም ጋ ላኩት።

መድኃኒቱ እስኪይዘው ስድስት ሳምንት በስልክ ብቻ አወራን። በሰባተኛው እሁድ አዲስ ኮት ለብሶ ቤታችን መጣ። አባቴ ፊት ተቀመጠና፣ ገና ውሃ እንኳ ሳይቀርብለት፣

«ልጅዎን ማግባት እፈልጋለሁ አባባ» አለ። «አስቀድመው ግን ይወቁ፤ አስም አለብኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ ነው።»

አባቴ ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«እሷስ ያለባትን ነግራሃለች?» አለ አባቴ።

ሰፊዬ ደንግጦ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለባት?»

«ግትርነት። እሱም ዕድሜ ልክ ነው» አለውና ወንበሩን ወደ እሱ አስጠጋ።