ከካሴቱ ዝናብ ሥር

የምጽፈው በራሴ የደረሰውን ነው፤ ሰምቼ አይደለም። «አሮጊቷ ጃጅታለች» የሚል ካለ ይበል። የሆነው ግን ሆኗል።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይ በመስኮት ገብታ የሳሎኑን ምንጣፍ እኩሌታ ይዛለች። እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ ይመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የልጅ ልጄ ሥራዋ ካሴት ማደስ ነው። ሰዎች የሠርጋቸውን፣ የሞተ ዘመዳቸውን ድምፅ የያዘ አሮጌ ካሴት ያመጡላታል፤ እሷ ጭርጭርታውን አጽድታ ወደ ኮምፒውተር ትገለብጥላቸዋለች። እናቷ፣ ልጄ፣ ከሞተችብኝ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አፏ ስለማያርፍ «ወፌ» እላታለሁ። ስትበላ ታወራለች። ስትታጠብ ትዘፍናለች። ተኝታ እንኳ ከሰው ትከራከራለች።

አንድ ቀን ከተዘጋ ሙዚቃ ቤት መጋዘን ካርቶን ተሸክማ መጣች። ውስጡ የአንድ ባንድ አራት ካሴቶች ነበሩ።

«እማዬ፣ እነዚህን እኮ ማንም አያውቃቸውም! ከሠላሳ ዓመት በፊት ምድር ቤት ውስጥ ቀድተውት እዚያው የቀረ ነው።»

«ምን ዓይነት ዘፈን ነው?»

«ሹጌዝ ይባላል። አንገታቸውን ደፍተው፣ ጫማቸውን እያዩ ነው የሚጫወቱት።»

«ምን ጠፍቶባቸው ነው?»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ከፈተችልኝ። ጊታሩ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዶፍ ዝናብ ነው። ከዝናቡ ሥር አንዲት ሴት ትዘፍናለች... ቃሏ ግን አይያዝም። ጉድጓድ ውስጥ ሆና የምትጣራ ነው የምትመስለው።

እውነቱን ልናገር፣ ሆዴ አልወደደውም።

ወፌ ግን ፍቅር ያዛት። «ሰሚ አጥታ ቀረች እኮ እማዬ። ምን እያለች እንደሆነ ሰው መስማት አለበት» አለች። ከዚያም ጩኸቱን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ፣ ሽፋን በሽፋን ትገፍፈው ጀመር።

የመጀመሪያውን ካሴት የጨረሰች ዕለት የሴትየዋ ድምፅ ትንሽ ቀረበ።

የወፌ ደግሞ ትንሽ ራቀ።

«ጉንፋን ነው» አለችኝ። ጉንፋን አልነበረም። ሁለተኛውን ስትጨርስ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስታወራ ከጎረቤት ቤት ሆና የምታወራ ያህል ነበር የምሰማት።

«ምነው ታንሾካሹኪያለሽ?»

«እየጮህኩ ነው እኮ እማዬ...»

አየኋት። እውነትም የአንገቷ ሥር ተገትሯል።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ጉሮሮዋን አይቶ አይቶ፣ «ምንም የለባትም። ይልቅ የእርስዎን ጆሮ እንየው እንዴ?» አለኝ። ጆሮዬም ደህና ነበር።

ሦስተኛው ካሴት አለቀ።

«ወፌ፣ በእናትሽ አፅም ይዤሻለሁ፣ ተይው።»

«አንድ ብቻ ነው የቀረኝ... ልደርስባት ነው።»

«ማን ላይ?»

የጆሮ ማዳመጫዋን አጠለቀች።

ያን ማክሰኞ የጉሮሮ ከረሜላ ልትገዛ ፋርማሲ ወጣች። እኔ ሞኟ፣ ላድናት ብዬ አራተኛውን ካሴት ሳሎን ያለው አሮጌ ቴፓችን ውስጥ ከተትኩት። በእኛ ጊዜ ሩቅ ላለ ዘመድ ደብዳቤ የምንልከው በካሴት እየተናገርን ነበርና ቀይዋን ቁልፍ አውቃታለሁ። በላዩ ዝምታ ልቀዳበትና ላጠፋው ነው ሐሳቤ። ተጫንኳት።

አፌ ግን አላርፍ አለኝ።

«ማንም ሁኚ፣ ልጄን ተይልኝ» አልኩ።

መጥፋቱን ለማየት አጠንጥኜ ከፈትኩት። መጀመሪያ የገዛ ድምፄ መጣ። «ማንም ሁኚ፣ ልጄን ተይልኝ።»

ከዚያ...

«እማዬ?»

ወፌ ነበረች። ጥርት ያለች፣ የድሮዋ ወፌ።

«እማዬ፣ እዚህ ማንም የለም... ዝናብ ብቻ ነው።»

በሩ ተከፈተ። ወፌ ከረሜላውን ይዛ ገባች።

«ወፌ!» ብዬ ጮህኩ።

አፏን ከፈተች። ቃል አልወጣም። የወጣው ያ የቆርቆሮ ላይ ዝናብ ነበር... ቀስ ያለ፣ ከሩቅ።

ሁለት ወር ሆነው። አብራኝ ትኖራለች። ትለብሳለች፣ ትበላለች። ግን የኔ ወፌ ግራኝ ነበረች፤ አሁን በቀኟ ነው የምትበላው። ስትተኛም ከማንም ጋር አትከራከርም።

እኔ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቴፑ ሥር እቀመጣለሁ። ጥያቄዬን እቀዳለሁ፤ መልሼ ስከፍተው የወፌን መልስ ከካሴቱ አገኛለሁ።

መጀመሪያ የጠየቅኳት «በልተሻል?» ብዬ ነው። ሌላ ምን ልበላት?

«እዚህ አይራብም እማዬ።»

«እንዴት ላውጣሽ?»

ዝናብ... ዝናብ... «አትችይም።»

ቀን በቀን ዝናቡ ይበረታል፣ እሷ ትሰምጣለች። ትናንትና ጆሮዬን ድምፅ ማውጫው ላይ ለጥፌ ነበር የማዳምጠው።

«እማዬ... ከማን ጋር ነው ያለሽው?»

አጠነጠንኩ። ቀይዋን ተጫንኩ። «ካንቺ ጋር ነዋ፣ የኔ እናት። ወጥ አሙቄልሻለሁ፣ ፀጉርሽንም አበጥሬልሻለሁ» አልኩ። መልሼ ከፈትኩት።

ረጅም ዝናብ።

ድምፅ ማውጫው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል።

«እማዬ... እኔ እኮ ቤት የለሁም።»

ጆሮዬን ይበልጥ አስጠጋሁ።

«እንዳትዞሪ... እንዳታዪያት... እማዬ፣ ስሚኝ፣ እሷ—»

በትከሻዬ ላይ አንድ ቀኝ እጅ ቀስ ብሎ አለፈ። ቴፑ ጋ ደረሰ። ሳይቸኩል፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ ድምፁን ቀነሰው።