ማር ጠጪዋ ወፍና የአራስ ማር

አትጠገብ ሽብሩ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቷ ከይርጋ ጨፌ ብዙም የማይርቀው ኮንጋ ነው። ይህ የሆነው አምና፣ በ1957 ዓ.ም. ነው። ስሟን ያወጡላት ታይታ አትጠገብም ብለው ነው። እሷ ግን ጥያቄ አትጠግብም። «ይህ ምንድን ነው? ያ ለምን ሆነ?» ስትል ትውላለች። ልጆች፣ እዚህ መካከላችሁም እንደሷ ያሉ አሉ፤ ስም አልጠራም።

በጓሯቸው አንድ ትልቅ እንሰት አብቦ ነበር። በየማለዳው አንዲት ትንሽ ወፍ ትመጣበታለች። አውራ ጣት ብታክል ነው። ምንቃሯ ቀጭንና ቆልመም ያለ ነው። ፀሐይ ሲያርፍባት ላባዋ አረንጓዴ ያብረቀርቃል።

«አባባ፣ ይህቺ ወፍ ማን ትባላለች?»

«እኛ ማር ጠጪ እንላታለን» አሏት አባቷ አቶ ሽብሩ።

አትጠገብ ወፏን ከቅርብ ማየት አማራት። አበባው ግን ከፍ ያለ ነው። አንገቷ እስኪያማት ብታንጋጥጥም የምታየው ጭራዋን ብቻ ነው። «ማር ጠጪ ከሆነችማ ማር ባቀርብላት ትወርድልኛለች» ብላ አሰበች።

ማር በቤት ነበር። ግን የማን ማር? እናቷ ወይዘሮ ካሳነሽ ሊወልዱ ጥቂት ቀን ቀርቷቸዋል። በዚያ ዓመት ቀፎው የሰጠው አንዲት ቅል ማር ብቻ ነበር። አቶ ሽብሩ ቅሏን ምሰሶው ላይ ሰቅለው፣ «የአራስ ማር ነው። ማንም እንዳይነካው» ብለው ነበር።

«ትንሽ ብወስድ ማን ያውቃል?» አለች አትጠገብ በልቧ። ይህን «ማን ያውቃል» የሚባለውን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ። ሁልጊዜ ጥፋት አስከትሎ ነው የሚመጣው። እናቷ ሲተኙ ቅሏን አወረደች። ግማሹን በሳህን ገለበጠች። ሳህኑን አጥሩ ላይ አስቀምጣ ቀይ አበባ ጣለችበት። ከዚያ እንሰቱ ሥር ተደብቃ ጠበቀች።

ወፏ ቀዩን አበባ አይታ ወረደች። ምንቃሯን ነከረች። ማሩ ወፍራም ነውና አልተመጠጠላትም። ልትበር ስትል እግሯ ተያዘ። ስትታገል ደረቷ ገባ፣ ከዚያም ክንፏ። አትጠገብ ሮጣ አወጣቻት። በቀሚሷ ስትጠርጋት ላባው ይብሱን ተጣበቀ። ጉንዳኖችም ማሩን አሽትተው ክንዷ ላይ ይወጡ ጀመር።

አትጠገብ ጨነቃት። አባቷን ብትጠራ ስርቆቷ ይታወቃል። ባትጠራ ወፏ ትሞታለች። «ቁጥቋጦ ውስጥ ጥያት ብሄድስ?» ብላ አሰበች። አዎ ልጆች፣ ይህንንም አስባለች። ግን የወፏ ልብ መዳፏ ውስጥ ድው ድው ይላል። አላስቻላትም። አባቷ ወዳሉበት ወደ ቡናው ማሳ ሮጠች።

«አባባ፣ እኔ ሌባ ነኝ። ብቻ ወፏን ያድኑልኝ።»

አቶ ሽብሩ ሥራቸውን ትተው ከእሷ ጋር ወደ ቤት ሮጡ። ለብ ያለ ውሃ አመጡ። ምንቃሯ ውስጥ ውሃ እንዳይገባ ተጠንቅቀው ላባዋን በጣታቸው ጫፍ ቀስ እያሉ አጠቡ። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርገው ፀሐይ አሞቋት። አትጠገብ የቤታቸውን ድመት እያባረረች፣ «ጌታ ሆይ፣ እኔን ቅጣኝ፤ እሷ ምን አደረገች?» እያለች ጸለየች። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ወፏ ተንቀጠቀጠች። ክንፏን አራገበች፤ እንደገና አራገበች። ከዚያ በረረች። አቶ ሽብሩ «ተመስገን» አሉ።

«አባባ፣ ማር ጠጪ ብለውኝ አልነበረም እንዴ?»

«ስም ያወጣ ሁሉ አጣርቶ አያወጣም፣ ልጄ። እሷ የምትጠጣው የአበባውን ውሃ ነው፤ ቀጭን ነው። ንብ አድርቃ ስታወፍረው ነው ማር የሚሆነው። ማር ለሷ ሙጫ ነው። እሷን ማየት ካማረሽ የምትወደውን አበባ በራፍሽ ላይ ትከዪ። ከዚያ አርፈሽ ተቀመጪ። ራሷ ትመጣለች። ያደረግሽውን ግን ለእናትሽ አንቺው ንገሪ።»

ነገረቻቸው። ወይዘሮ ካሳነሽ እስክትጨርስ ሰሟት። «ብትጠይቂኝ እኮ እሰጥሽ ነበር» አሉ። አትጠገብ ከዚህስ ብትገረፍ ይሻላት ነበር።

በማግሥቱ ቀይ አበባ በራፉ ላይ ተከለች። እስኪያድግ ድረስ እንሰቱ ሥር አርፋ መቀመጥ ጀመረች። በአምስተኛው ቀን ወፏ ዝቅ ብላ መጣችላት። አትጠገብ ትንፋሿን ውጣ ከምንቃሯ እስከ ጭራዋ አየቻት። «ጌታ ሆይ፣ እንኳን አልሞተችብኝ፤ ተመስገን» አለች።

በሳምንቱ ወይዘሮ ካሳነሽ በሰላም ተገላገሉ። የቡላ ገንፎ ተገነፋ። የተረፈው ማር መሃሉ ላይ ፈሰሰ። አራስ ስትበላ ልጆች ዙሪያዋን ተቀምጠው ጉርሻ እንደሚጠብቁ ታውቃላችሁ፤ መቼም እናንተ ይህን አታጡትም። የአትጠገብ ተራ ሲደርስ አንገቷን ደፋች።

«እኔ ድርሻዬን ወስጃለሁ፣ እማዬ። የእርስዎን ነው የወሰድሁት።»

እናቷ ግን ጉርሻውን ማሩ ውስጥ አጥቅሰው አቀረቡላት።

«ያኛውን ሰርቀሽ ነው። ይህን ግን እኔ ሰጥቼሽ ነው። ነይ፣ ጉረሺ።»

አትጠገብ እያለቀሰች ጎረሰች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማዬ» አለች። በዕድሜዋ እንደዚያ ያለ ማር ቀምሳ እንደማታውቅ እሷው ራሷ ነግራኛለች።

ልጆች፣ ሰርቀን በወሰድነው ነገር እግዚአብሔርን ማመስገን አንችልም፤ ጥፋታችንን ተናዝዘን በይቅርታ የተቀበልነው ግን አፋችንን በምስጋና ይሞላዋል።