የመርጋ ጉድጓድ

«ይሄን ሰፈር የቆረቆረው የኔ አያት ነው! መርጋ ባይኖር ኖሮ እዚህ የሚኖረው ጅብ ብቻ ነበር» አለች ለሊሴ፣ በአዲሱ ኮብልስቶን ላይ የኋሊት እየተራመደች።

የክፍሏ ልጆች ቀለምና ብሩሽ ይዘው ይከተሏታል። መንገዱ እሁድ ይመረቃል፤ ግድግዳው ላይ የሰፈሩን ስም የሚጽፈው የነሱ የትምህርት ቤት ክበብ ነው። ስም ምረጪ የተባለችው ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ለሊሴ ናት።

ጂራ የጉድጓዱን ክዳን በእግሩ መታ መታ አደረገ። «የቆፈረው ይሄን ነው?»

«እሱን! ውሃው ሲወጣ ሕዝቡ ግር ብሎ መጣ። አለቀ። ፌቨን፣ ‹መርጋ ሰፈር› ብለሽ ጻፊ። ቶሎ በይ በናትሽ!»

እግሯ አንድ ቦታ አልቆም አላት። እውነቱን እናቷ ነግራታለች። አያቷ የሚጠጣ ውሃ ፈልጎ ቢቆፍር የወጣለት ሆራ ነው፤ እንደ ለስላሳ የሚፈላ፣ ጨው ጨው የሚል። ተናዶ ደፈነውና ቦታውን ጥሎ ጌዶ ከተማ ገባ። መልሰው የከፈቱት ከብት ነጂዎች ናቸው፤ ከብት ሆራ ከሸተተው መች ይመለሳል! ከብቶቹ እስኪጠጡ ለነጂዎቹ ዳቦ ትሸጥ የነበረችው ሲንቄ የምትባል ሴት ናት። የሷ ዳስ ቤት ሆነ፤ ከጎኑ ሌላ ቤት ተሠራ፤ እንዲያ እንዲያ እያለ ሰፈር ሆነ።

የሲንቄ ልጅ አዴ ወርቂቱ ከፊት ለፊቱ በር ውሃ በጆግ ይዘው ብቅ አሉ።

«ጠጡ ልጆቼ፣ ፀሐዩ ከረረ። ምን ብላችሁ ነው የምትጽፉት?»

ለሊሴ ጆጉን ተቀበለች። አልጠጣችም። ፌቨን «መ»ን ጨርሳ ወደ «ር» ልትገባ ነው።

«ቆይ ቆይ! አጥፊው!»

ከዚያ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው፤ ሆራውን፣ ጌዶን፣ ከብቱን፣ ዳቦውን። «‹ሲንቄ ሰፈር› በይው» አለች።

አዴ ወርቂቱ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። «እማዬ እኮ ዳቦውን ታሳርረው ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ለሊሴ እፎይ ብላ ግድግዳው ሥር ዘጭ አለች። ጉንጯ ግሏል። ቢያንስ አንድ ሰው «ጎበዝ» ይላታል ብላ ጓደኞቿን አንድ በአንድ ቃኘች። ሁሉም ብሩሻቸውን ያራግፋሉ።

«አልደነገጣችሁም?»

«ድሮስ ማን አምኖሽ ነው?» አለ ጂራ። «ይልቅ ተነሺ፣ ቀለሙ ላይ ተቀምጠሻል።»